አደፍርስን ጽፎ ዝም ያለው ሰው

የዓመት መጽሐፋችን አዘጋጆች ከዩኒቨርሲቲያችን ካለፉ ሰዎች ስለ አንዱ እንድጽፍ ሲጠይቁኝ፣ ሐኪም ነችና ስለ አንድ አንጋፋ ሐኪም ትጽፋለች ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። ጥቁር አንበሳ ያስተማሩን ታላላቆች ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ የመረጥኩት ደራሲ ነው። ያውም ሁለት ልብ ወለድ አሳትሞ ከመድረኩ ዘወር ያለ፣ ብዙዎቻችን ስሙን እንጂ መጽሐፉን በቅጡ የማናውቅለት ዳኛቸው ወርቁን። ደግሞ የሩቅ ሰው አይደለም። እዚሁ ተምሯል፣ እዚሁ አስተምሯል። በዕድሜ አባቴ ይሆናልና አንቱ ልለው ይገባ ነበር። ግን የአገራችን አንባቢ የሚወደውን ደራሲ እንደ ቤተሰቡ አንተ ነው የሚለው፤ እኔም በዚያው እቀጥላለሁ።

ዳኛቸው የተወለደው በየካቲት 1928 ዓ.ም. ይፋት፣ ደብረ ሲና ነው። ዓመቱን ልብ በሉ። እሱ በእናቱ ጡት ላይ ሳለ የማይጨው ጦርነት ሆነ፤ ንጉሡ ተሰደዱ፤ ከደሴ የተነሣው የጣሊያን ጦር ወደ አዲስ አበባ የገሰገሰው ደግሞ በዚያው በደብረ ሲና በኩል፣ የጣርማ በርን አቀበት ወጥቶ ነበር። አርበኞች መንገዱን ሰብረው ለጥቂት ቀን ቢያስቆሙትም ሚያዝያ 27 ቀን ከተማው ገባ። ከዚያ በኋላ ጣሊያን ተራራውን ሸንቁሮ መንገድ አወጣበት። እስከ ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው ብርዱን ከላይ ትቶ፣ በዚያ የጨለማ ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲና ሲደርስ ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ከላይ ጉም፣ ከታች የሸዋ ሮቢት ሙቀት፤ ደጋውና ቆላው በአንድ ዓይን ይታያል። ልጁ ያደገው በዚህ ደፍ ላይ ነው። ኋላ በመጽሐፉ ያንን ገደልና ጉም እንዴት አድርጎ እንደሳለው ያነበበ ያውቀዋል፤ ገጾቹ ጭጋግ ጭጋግ ይሸታሉ።

አዲስ አበባ መጥቶ የተማረው በዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ ነው፤ ያን ጊዜ ገና አራት ኪሎ ነበር። ኮሌጁ በ1943 ዓ.ም. በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት ተከፍቶ፣ በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ከሰጡ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መባሉን አንባቢዎቼ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ዳኛቸው ጽሑፍ የጀመረው በተውኔት ነው። ሰቀቀንሽ እሳትና ሰው አለ ብዬ የሚባሉት ተውኔቶቹ የወጣትነት ሥራዎቹ ናቸው፤ የወደፊቱ ሰው ከርዕሳቸው ይታያል። ሰው አለ ብሎ ነው የተነሣው።

ቀጥሎ አሜሪካ ሄደ፤ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ። በዚያ ዘመን ድርሰት መጻፍ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ እንደ ሙያ የሚሰጥበት ቦታ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው አዮዋ ነበር። እኔ ይሄንን ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። እኛ ቤት መጻፍ እንደ ቅኔ ነው፤ ከላይ የሚሰጥ ተሰጥኦ እንጂ የሚሰለጠንበት ነገር አይመስለንም። እሱ ግን ሄዶ እንደ ቀዶ ሕክምና ተማረው፦ የት እንደሚቀደድ፣ የት እንደሚሰፋ፣ ምን እንደማይነካ። ተመልሶም በዩኒቨርሲቲያችን ሥነ ጽሑፍ አስተማረ።

አደፍርስ የታተመው በ1962 ዓ.ም. ነው። ያንን ጊዜ ትንሽ ልዘርዝረው፤ አለበለዚያ መጽሐፉ ምን ሆኖ እንደመጣ አይገባም። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ከወጣ ገና አራት ዓመቱ ነው፤ አንባቢው በዚያ የተረት ጣዕም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሚይዝ ታሪክ አፉ ተሟሽቷል። በዚያው በ1962 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገርም ወጥቷል፤ ከተሜ፣ ፈጣን፣ በአንድ ሌሊት የሚያልቅ። በሌላ በኩል ስድስት ኪሎ እየነደደ ነው። ተማሪው መሬት ለአራሹ ብሎ ሰልፍ ይወጣል፤ በታኅሣሥ ወር የተማሪዎቹ መሪ ጥላሁን ግዛው ተገደለ። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ገጠር ወርዶ ማገልገል ግዴታው ሆኗል። አንጋፎቻችን ይህንን ታስታውሳላችሁ፤ ከናንተ መካከል ፋኖሱን አብርቶ ያስተማረ፣ በበቅሎ የተጓዘ፣ ባላገሩን ሊያነቃ ሄዶ ራሱ ነቅቶ የተመለሰ አለ።

መጽሐፉ በዚህ መካከል መጣ። አደፍርስ የተባለ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ ወጣት ይፋት ውስጥ፣ ከባላባቷ ከወይዘሮ አሰጋሽና በዙሪያዋ ካሉ ሰዎች መካከል ይገኛል። ልጇ ሮማን አለች፤ ጺወኔ አለች፤ ጎርፉ አለ፤ ካህን አለ፤ ባለርስት፣ ጭሰኛ፣ ሎሌ አለ። ታሪኩ ምንድነው ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ግን ምን ልበላችሁ፤ ይከራከራሉ። ስለ መሬት፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ አሮጌውና ስለ አዲሱ፣ ሰው ነፃ ነው ወይስ በዘሩና በዕጣው የታሰረ ነው እያሉ ይከራከራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው በልቡ የሚያስበው ይገባበታል፤ ከዚያ ተራራው፣ ጅረቱ፣ የወፉ ድምፅ፣ የሴቶቹ ሐሜት ይቀጥላል። ተራኪው እጃችሁን ይዞ አይመራችሁም። ማን ልክ እንደሆነ አይነግራችሁም። በውጭው ዓለም ጆይስና እሱን የተከተሉት ካደረጉት ጋር የሚያመሳስሉት አሉ። እኔ በበኩሌ ከዚያ ይልቅ የአገራችን ሙግት ነው የሚመስለኝ፤ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ ዳኛ ተይዞ፣ ሁለቱም ወገን እስኪጠግብ የሚናገርበት የድሮው ሙግት። ልዩነቱ ዳኛው አለመፍረዱ ነው።

ስሙስ? አደፍርስ ብሎ ልጅ መሰየም ልማድ ቢሆንም እዚህ ስሙ ሥራ አለው። የረጋውን ውሃ አማስለው፣ አቡካው እንደማለት ነው። ሳይደፈርስ አይጠራም የምትለዋን ተረት ማን የማያውቅ አለ። ልጁ የመጣው ሊያደፈርስ ነው። ያደፈርሳል፤ ግን መጥራቱን ሳያይ በመጽሐፉ መጨረሻ ይሞታል። ዳኛቸው ለተማረው ወጣት የሚራራ ቢሆንም አያቆላምጠውም። አደፍርስ የሚናገረው አብዛኛው እውነት ነው፤ ደግሞም ማንም አይሰማውም። ስለምን? ከመጽሐፍ ነው የሚናገረው። የሚያነጋግረውን ሰው ፊት አያይም። አሰጋሽንና ካህኑን ደግሞ ዳኛቸው ሞኝ አላደረጋቸውም። ያ ዘመን ባላባት ሁሉ ጨካኝ፣ ቄስ ሁሉ አታላይ ተደርጎ መሳል የተጀመረበት ነበር። እሱ ግን ለእያንዳንዳቸው ሙሉ ምክንያታቸውን ሰጣቸው። ፍልስፍናው ያለው ይመስለኛል እዚህ ላይ ነው፤ በትላልቅ ቃላቱ ላይ አይደለም። እውነቱን ለመናገር ትላልቅ ቃላቱ አንዳንዴ ይሰለቻሉ። አንድ ሁለት ቦታ የአደፍርስን ንግግር ዘልዬ አልፌ፣ ኋላ አፍሬ ተመልሼ አንብቤዋለሁ።

አንባቢው አልተቀበለውም። ከበደው። ቋንቋው የይፋት ነው፤ ከተሜው የማያውቃቸው ቃላት ሞልተውበታል፤ ሴራው አይያዝም። ሐያሲዎችም ምን ብለው እንደሚይዙት ቸገራቸው። ያኔ ነው እንግዲህ ስሙን ከመጽሐፉ እኩል ያሳወቀው ነገር የሆነው። ዳኛቸው መጽሐፉን ከየመደብሩ እየሰበሰበ ቤቱ ውስጥ እንዳከማቸው በሥነ ጽሑፍ ሰዎች ዘንድ እስከ ዛሬ ይነገራል። ካልገባችሁ ይቅርባችሁ እንደማለት። ይሄንን ኩራት የሚሉት አሉ። እኔ ቁስል ነው የሚመስለኝ። ሰው የዓመታት ሥራውን አደባባይ አውጥቶ ዝም ሲሉት ምን ይሰማዋል? ብቻ ደግሞ ሙሉ በሙሉ አልፈርድለትም። መጽሐፍ እንደ በሽተኛ ነው፤ አንዴ ከእጅህ ከወጣ የራሱ ዕድሜ አለው፣ መልሰህ አታስተኛውም። የሆነው ሆኖ ተከማችቶ አልቀረም። ከዓመታት በኋላ የዩኒቨርሲቲያችን የሥነ ጽሑፍ ክፍል ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ሠሩበት፤ ዛሬ ስለ ዘመናዊው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚያስተምር ሰው አደፍርስን ሳይጠራ አያልፍም።

አሁን ለምን እኔ፣ የወረታ ሐኪም፣ ይሄ ሁሉ እንደሚያገባኝ ልናገር።

ተመርቄ ወደ ሥራ ስወጣ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። የተመደብኩት ወደ ተወለድኩበት ወደ ፎገራ ነው። ሜዳውን የማያውቅ ካለ፦ ከጣና ምሥራቅ የተዘረጋ ሰፊ ረግረግ ነው፤ ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ አፈር እያጋፈፉ ይወርዱና በክረምት ይተኙበታል። ድሮ ከብቱና ጓያው ነበር ስሙ፤ አሁን ሩዙ ነው። ገበሬው ድፍርስ ውሃ ነው የሚፈልገው፤ ሩዙን የሚያበላው እሱ ነውና። የእኔ ዘመን ግን የሩዝ ወሬ ብቻ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. በጎረቤታችን በሊቦ ከምከም፣ አዲስ ዘመን አካባቢ፣ ሰዉ በትኩሳት እያለቀ ነበር። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ መድኃኒት የለመደ ወባ። ኋላ ሲመረመር ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ወደ መተማና ሑመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ልጆች እዚያ በአሸዋ ዝንብ ይነደፋሉ፤ በእኛ ደጋ ቀመስ አገር ግን ይኖራል ብሎ ማንም አልጠረጠረም ነበር። ወደ ፎገራም ዘለቀ።

እኔ ባለሁበት አንድ ጤና ተቋም አንዲት እናት ልጇን አመጣች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ጣፊያው እምብርቱን አልፏል፤ ሰውነቱ አልቆ ዓይን ብቻ ቀርቷል። ሁለት ወር ጸበል ይዛው ቆይታለች። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ቆሜ ተናገርኳት። በሽተኛውና አስታማሚው በሞሉበት ክፍል ውስጥ፣ ልጅሽን ልትገድይው ነው፣ እስከዛሬ የት ነበርሽ፣ እዚያ ውሃ ላይ ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። ያልኩት ሁሉ በሕክምናው ትክክል ነው። ያኔ መድኃኒቱ በየቀኑ መርፌ ነው፤ አንድ ወር ያህል ሳይቋረጥ ይወጋል። እሱንም አስረዳኋት፤ በራሴ ቋንቋ፣ በፍጥነት፣ ፊቷን ሳላይ። እሺ እመቤቴ አለችኝ። እናቴን የምታክል ሴት ናት እመቤቴ የምትለኝ። ማታ ተረኛ የነበሩት እንደነገሩኝ አዝላው ወጣች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የተመለሰችው። ልጁ በሁለተኛው ቀን አረፈ።

አደፍርስን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ወረታ የሚያስተምር አንድ ዘመዳችን ያለው ያረጀ ቅጂ ነበር፤ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ። በአዳር ተረኝነት፣ መብራት ሲጠፋ በእጅ ባትሪ፣ እየቆረጥኩ ወር ያህል አነበብኩት። ስለ ልጁ ለማሰብ አይደለም የያዝኩት፤ ላለማሰብ ነው። ግን አደፍርስ እዚያ ሰዎች መካከል ቆሞ እውነቱን ሲዘረግፍ ድምፁ የራሴ ሆነብኝ። ሁሉም ነገር ትክክል፣ ማንም የማይሰማው። የአሰጋሽን ሙግት ሳነብ ደግሞ የዚያች እናት ዝምታ ምን እንደነበረ መገመት ጀመርኩ። ሁለት ወር ጸበል የቆየችው ሰነፍ ሆና አይደለም። ከእኛ ዘንድ ሦስት ጊዜ የወባ መድኃኒት ተሰጥቷት፣ ሦስቴም ሳይሻለው ቀርቶ ነው። ይሄ ካርዱ ላይ ነበር። አላነበብኩትም።

የካርዱን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ለዚህ ዓመት መጽሐፍ ሳይሆን ለንስሐ አባት የሚነገር ይመስላል፤ ግን መጽሐፉ ላይ ያለኝን ፍርድ ያለዚህ መጻፍ ማታለል ይሆንብኛል።

ወደ ዳኛቸው ልመለስ። ሁለተኛው ልብ ወለዱ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ብንመልሰው አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ ማለት ነው። በ1973 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ ሃይንማን የተባለው አሳታሚ አወጣው፤ ቺኑዋ አቼቤ የመጀመሪያው አርታዒ በነበረበት፣ የአፍሪካን ደራስያን ለዓለም ባስተዋወቀው ተከታታይ ኅትመት ውስጥ። ከእኛ አገር ሰዎች ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ቀድሞት በዚሁ ተከታታይ ውስጥ ታትሞ ነበር። አደፍርስ ሲበዛ ተናጋሪ እንደሆነ ሁሉ ይሄኛው አጭርና ጨለማ ነው። ፊታውራሪ ወልዱ የሚባሉ የታመሙ ሹም አሉ። ልጆቻቸው ጎይቶምና ወይኒቱ ለጸበል ወደ ዝቋላ አቦ ይዘዋቸው ይወጣሉ። ዝቋላን የወጣ ያውቀዋል፤ ከደብረ ዘይት በስተደቡብ ብቻውን የቆመ፣ ወደ ሦስት ሺህ ሜትር የሚጠጋ የእሳተ ገሞራ ተራራ፣ አናቱ ላይ ሐይቅና የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም ያለበት። ለጥቅምት አቦና ለመጋቢት አቦ ሰዉ ከየአገሩ ይጎርፋል። ሦስቱ ተራራው ላይ አንድ ባላገር ቤት ያርፋሉ። ጎይቶም ተምሯል፤ በጸበሉ አያምንም። ቢሆንም አባቱን ይዞ ወጥቷል። ሽማግሌው አይድኑም።

እኔ በሐኪም ዓይን ይሄንን መጽሐፍ ከአደፍርስ አስበልጣለሁ፤ የሥነ ጽሑፍ መምህራኖቻችን ይቆጡ። ሞት እየቀረበ ሲሄድ ቤተሰብ ምን እንደሚሆን እንዲህ አድርጎ የጻፈ አላየሁም። የሹሙ ሥልጣን ከትንፋሻቸው ጋር እያጠረ ሲሄድ፣ የባላገሩ ዓይን ሲለወጥ፣ ልጁ አባቱን ሲጠላና ሲያስታምም በአንድ ሰዓት ውስጥ፤ ይሄ በየቀኑ በየዋርዱ የምናየው ነው። ደግሞ ማንንም አይሰብክም። ጸበሉንም አያላግጥበትም፣ ሳይንሱንም አያሞግስም። አብዮቱ ሊፈነዳ አንድ ዓመት ሲቀረው ነው የታተመው፤ በዚያ ወራት ያረጀ ሥርዓት በአልጋ ላይ ሆኖ መድኃኒት ሲፈልግ መጻፍ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነው ዝምታው የሚረዝመው። ከዩኒቨርሲቲው ወጣ። በ1967 ዓ.ም. እምቧ በሉ ሰዎች የሚለውን የግጥም መድበሉን አሳተመ። ዘመኑ የመፈክር ነበር፤ ከደራሲ የሚጠበቀው ወዝአደሩ እንዲያሸንፍ ነው። ዳኛቸው ደግሞ አሸናፊ መጻፍ አይችልበትም። በ1977 ዓ.ም. የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ ወጣ። ስለዚህ መጽሐፍ ትንሽ ልቆይ። ከአዮዋ ይዞት የመጣውን፣ በክፍል ያስተማረውን፣ ራሱም በሥራው የሞከረውን ሁሉ ለወጣት ጸሐፊ አዘጋጅቶ ያስቀመጠበት ነው፤ ገጸ ባሕርይ እንዴት ይቆማል፣ ንግግር እንዴት ይሄዳል፣ ቦታ እንዴት ይሳላል። ሰው ጠላ፣ ራሱን ዘጋ የሚባልለት ሰው ቤቱ ተቀምጦ ለማያውቃቸው ልጆች መማሪያ ሲያዘጋጅ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ መናኝ ሲሉት እኔ ሙሉ በሙሉ አልቀበልም። ከአደባባይ ሸሸ እንጂ ከሥራው አልሸሸም።

በእርግጥ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመም። አሜሪካዊው ሳሊንጀር የመጨረሻ ሥራውን በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትሞ እስከሞተበት እስከ 2010 ድረስ ቤቱን ዘግቶ ኖሯል፤ እዚያ ግን ዝምታው ራሱ ዝና ሆነለት፣ ጋዜጠኛ አጥሩን ይዞር ነበር። እዚህ ዝም ያለ ሰው ይረሳል። የአገራችንን ደራስያን ሕይወት እየዞረ የመዘገበው ኖርዌያዊው ሬይዱልፍ ሞልቬር በመጽሐፉ ውስጥ ባያስገባው ኖሮ ስለ ሰውየው የምናውቀው ከዚህም ያነሰ በሆነ ነበር። የዚያ መጽሐፍ ርዕስ ጥቁር አንበሶች ነው። ሳየው ስለ ሆስፒታላችን የተጻፈ መስሎኝ ነበር ከመደርደሪያ ያነሣሁት፤ ዳኛቸውን ያገኘሁት በስህተት ነው ማለት ይቻላል።

ዳኛቸው ያረፈው በኅዳር 1987 ዓ.ም. ነው፤ ስልሳ ዓመት አልሞላውም። እኔ ያኔ ወረታ ተማሪ ነበርኩ፣ ስሙንም አልሰማሁም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ላይ የተለወጠ ነገር ካለ ትንሽ ነው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበልተኞች የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ ሲናገሩ ለብዙ ሐኪም እፎይታ ነበር፤ እኛም አካባቢ ከካህናቱ ጋር መነጋገር ቀለለን። አሁን ወደ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወይም ወደ ጸበል የሚሄድ በሽተኛ ሲኖረኝ መድኃኒቱን ቆጥሬ አስይዤ፣ ከአስታማሚው ጋር የመመለሻውን ቀን በቀኑ ታቦት እንቀጥራለን። በሚካኤል ተመለሱ ካልኩ በሚካኤል ይመጣሉ፤ በ12 ካልኩ አይመጡም። ካርዱን ደግሞ ከመናገሬ በፊት አነባለሁ። የማይመለሱም አሉ። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው አልተመለሰም።

ከዓመታት በፊት ለስብሰባ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ የጎጃሙን መንገድ ትቼ ከወረታ መገንጠያ በደብረ ታቦር፣ በወልዲያ፣ በደሴ ዞርኩ። ሰበቡ ዘመድ ጥየቃ ነበር፤ እውነቱ ደብረ ሲናን ለማየት ነው። መኪናው ሲቆም እንደተለመደው ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ለአንዷ ልጅ ሁለት ላስቲክ ገዝቻት ስለ ዳኛቸው ወርቁ ጠየቅኋት፤ የትኛው ሰፈር ነው የተወለደው ብዬ። አላወቀችም፤ ጓደኞቿን ጠየቀች፣ እነሱም አላወቁም። አንዲት ትልቅ ሴት ከኋላ መጥታ የማን ልጅ ነው ብላ ጠየቀችኝ። መጻፍ የሚጽፍ ሰው ነበር አልኳት። እሷም ወደ ላይ፣ ጉም ወደዋጠው ወደ ጣርማ በር አገጯን አንሥታ፣ የተማሩት ሁሉ በዚያ ነው የሚወጡት አለችኝ። ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ቆሎውን እየቆረጠምኩ ዋሻው ገባን።